ቨርዲ ብዕሩን ለምን አዘገየ?

ስለ ሮማንቲክ ዘመን የሙዚቃ ደራስያን የሚነገረን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነፍሳቸው ነው፤ ስለ ፍቅራቸው፣ ስለ ሕመማቸው፣ በሻማ ብርሃን ስለሚጻፈው ኖታ። እንደ ኢኮኖሚ ባለሙያ እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ገንዘቡን የከፈለው ማን ነው? ጥያቄው ሙዚቃውን የሚያራክስ የሚመስለው ይኖራል። ይሁን እንጂ 19ኛውን ክፍለ ዘመን ከቀደመው የለየው የስሜቱ ብርታት የመሆኑን ያህል የከፋዩም መለወጥ ነው። ሃይድን ለሠላሳ ዓመት ያህል የኤስተርሃዚ መሳፍንት ቅጥር አገልጋይ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ገበያ ላይ ቆመ፤ ገበያው ግን ገና ሕግ አልነበረውም።

ሹበርት የዚህ ክፍተት ሰለባ ነው። ሥራዎቹን ለአሳታሚዎች በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዜማው ምንም ያህል ቢወደድ ትርፉ የሌላ ነው። የራሱ ሥራዎች ብቻ የቀረቡበትን ሕዝባዊ ኮንሰርት በሕይወቱ ያየው አንድ ጊዜ፣ በመጋቢት 1828 ነበር (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ31 ዓመቱ ዐረፈ። ሾፐን ይበልጥ ብልህ ነጋዴ ነበር። በአንድ አገር የታተመ ኖታ በሌላ አገር ያለ ፈቃድ ሊባዛ ስለሚችል፣ አንዱን ሥራ በፓሪስ፣ በላይፕዚግና በለንደን ላሉ አሳታሚዎች በአንድ ሰሞን ይሸጥ ነበር። ሆኖም ኑሮውን ያቆመለት በዋናነት የባለጸጎችን ልጆች ፒያኖ ማስተማር ነበር።

የሕግ ለውጥ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ጣሊያንን የመሰለ ቤተ ሙከራ አይገኝም። በናፖሊዮን ድል ምክንያት ሎምባርዲና ቬኔሲያ በ1801 የፈረንሳይን የቅጂ መብት ሕግ ተቀበሉ። ዘግይተው በፈረንሳይ እጅ የወደቁት ግዛቶች የወረሱት የ1804ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ እርሱ ደግሞ የቅጂ መብትን አይጨምርም። ቋንቋው አንድ፣ የኦፔራ ፍቅሩ አንድ፣ ልዩነቱ የጦርነት አጋጣሚ ብቻ። ሚኬላ ጆርቼሊና ፔትራ ሞዘር ከ2,500 በላይ ኦፔራዎችን መርምረው በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕጉን በተቀበሉት ግዛቶች የአዳዲስ ኦፔራዎች ቁጥር በግልጽ እንደጨመረ፣ ዘመን የተሻገሩትም እንደበዙ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ቨርዲ እንቆቅልሽ ይዞብን ይመጣል። በ1839 የመጀመሪያ ኦፔራውን በላ ስካላ ካቀረበ በኋላ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ20 በላይ ኦፔራዎችን ጻፈ። ያንን ዘመን ራሱ በመርከብ ቀዛፊነት ከሚቀጣ እስረኛ ኑሮ ጋር አመሳስሎታል። ከ1859 በኋላ ግን በ34 ዓመት ያቀረባቸው አዳዲስ ኦፔራዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ ከ«አይዳ» (1871) እስከ «ኦቴሎ» (1887) ያለው ርቀት ብቻ 16 ዓመት ነው። በ1840 ኦስትሪያና ሰርዲኒያ የተፈራረሙት የቅጂ መብት ስምምነት ብዙ የጣሊያን ግዛቶችን አስተሳስሮ ነበርና፣ ቨርዲና አሳታሚው ሪኮርዲ ኖታው በተከራየና በተሸጠ ቁጥር ድርሻ ያገኙ ጀመር። ኢኮኖሚስቱ ፍሬድሪክ ሸረር እንዳመለከተው፣ ገቢው ሲደላደል የምርቱ ብዛት ቀነሰ። መብት ምርትን ያሳድጋል ለሚለው ክርክር ይህ ማፍረሻ ይመስላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሕጉ ለጀማሪው የመግቢያ በር፣ ለአንጋፋው ደግሞ ጊዜ ሰጥቷል፤ «ፋልስታፍ»ን የመሰለ ሥራ በ79 ዓመት ዕድሜ የሚወለደው ባልተቻኮለ እጅ ነው።

ሕግ የማይደርስበትም አለ። ፋኒ ሜንደልሶን የጻፈቻቸው ስድስት ዘፈኖች በወንድሟ በፌሊክስ ስም ታትመዋል፤ በ1842 ንግሥት ቪክቶሪያ ወድጄዋለሁ ብላ የዘመረችለት ዘፈን የእኅቱ ድርሰት መሆኑን ፌሊክስ ራሱ ማመን ነበረበት። የቅጂ መብት የሚጠብቀው በባለቤቱ ስም የወጣን ሥራ ነው። ፋኒ በራሷ ስም ሥራዎቿን ማሳተም የጀመረችው በ1846፣ ልትሞት አንድ ዓመት ሲቀራት ነበር።

አሁን ወደ ዘመናችን ክርክር ልምጣ። ከላይ የጠቀስኩት ጥናት ሌላም ግኝት አለው፤ መሠረታዊው መብት ፈጠራን ሲያበረታታ፣ ከደራሲው ሞት በኋላ የሚቆየውን ዘመን ማርዘም ግን ግልጽ ጥቅም አላሳየም። ይህ ሊገርመን አይገባም፤ ከሞተ ግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ የሚገኝ ብር ዛሬ ብዕር የሚያስነሳው ማንን ነው? ሆኖም አውሮፓና አሜሪካ ዘመኑን ወደ 70 ዓመት አስረዝመዋል። የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይሰጣል፤ በሕይወት ያለው ሙዚቀኛ ድርሻውን በወቅቱ መሰብሰቡ ግን ከዚህ ቁጥር የበለጠ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው።

ለተቃራኒው ወገን ከሁሉ የሚበረታው ማስረጃ ሚላኖ ውስጥ ይገኛል። ቨርዲ ላረጁ ሙዚቀኞች ያሠራው መጦሪያ ቤት እርሱ በ1901 ከሞተ በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በሥራዎቹ ገቢ ቆሟል። ይህን አቃልዬ አላልፍም። ነገር ግን የአንድ ሰው ቸርነት፣ ወራሾቻቸው የት እንዳሉ የማይታወቁ የብዙዎች ሥራዎች በመጋዘን ተቆልፈው የሚቀሩበትን ሥርዓት አያጸድቅም። የበርን ስምምነት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ዘመን 50 ዓመት ስለሆነ ከዚያ በታች መውረድ ለጊዜው አይቻልም። ከ50 በላይ ያለው 20 ዓመት ግን ወራሹ ቀርቦ፣ ተመዝግቦና ክፍያ ከፍሎ የሚያድሰው ሊሆን ይገባል፤ ያልታደሰው በማግስቱ ለሕዝብ ይለቀቅ።