ወደ ዐውሎ ነፋስ መንገድ የሚመራ ሰው

ቤተ ሰብን የሚያሳስብ ጥያቄ በደረሰን ጊዜ ሁሉ፥ በምናውቀው መጠን መርምረን በዚህ ዐምድ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። በዚህ ወር የምንነጋገርበትን ጉዳይ ያቀረቡልን አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው በአሜሪካ አገር፥ በቴክሳስ ግዛት፥ በዳላስ ከተማ ይኖራል፤ እስከ ዛሬም በሹፍርና ሥራ ራሱን ችሎ ቈይቷል። አሁን ግን ዐውሎ ነፋስ ለማየት ገንዘብ ከፍለው የሚመጡትን መንገደኞች በመኪና ይዞ የሚመራ ሰው ለመሆን ማሰቡን ጽፎላቸዋል። እናቲቱም፥ «ሰው ሁሉ ከማዕበል ሲሸሽ የእኔ ልጅ ወደ ማዕበል ሊነዳ ነው። ይህ እንጀራ ነው ወይስ ሞትን መፈታተን?» ብለው ይጠይቁናል።

ጥያቄው ከእናት አንጀት የወጣ ነውና፥ በችኰላ «ይከልክሉት» ወይም «ይፍቀዱለት» ብለን ልናልፈው አልወደድንም። የሥራውን ጠባይ ሳያውቁ መፍረድ እናትንም ልጅንም አይጠቅምም። ስለዚህ አስቀድመን ነፋሱን፥ ቀጥለንም መሪውን እንመልከት።

በአገራችን በበጋ ወራት ገለባና አቧራ እያሽከረከረ በአውድማ ላይ የሚያልፈውን ነፋስ የማያውቅ የለም። እንግሊዞች ቶርኔዶ የሚሉት ዐውሎ ነፋስ በመልኩ ይህን ቢመስልም፥ ልደቱና ኀይሉ ፈጽሞ ሌላ ነው። የአውድማው ነፋስ ከጋለ መሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቶርኔዶ ግን ከትልቅ የነጐድጓድ ደመና ሥር እንደ ዝሆን ኵምቢ ተንጠልጥሎ ወደ ምድር ይወርዳል። ይህ በብዛት ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ፥ ከቴክሳስ ተነሥቶ በኦክላሆማና በካንሳስ በኩል እስከ ነብራስካና እስከ ደቡብ ዳኮታ የሚዘረጋው ሰፊ ሜዳ ነው። በጸደይ ወራት ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ይመጣል፤ ከደቡብ ምዕራብ ደጋ ደረቅ አየር ይነፍሳል፤ ከበላያቸውም ከምዕራብ ተራሮች በኩል ቀዝቃዛ አየር ያልፋል። እርጥቡ አየር ወደ ላይ ሲወነጨፍ፥ የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ከምድር ወደ ሰማይ እየተለዋወጠ ስለሚሄድ፥ ደመናው በሙሉ መሽከርከር ይጀምራል። ከእነዚህ ተሽከርካሪ ደመናዎች አብዛኞቹ ቶርኔዶ ሳያወርዱ ይበተናሉ። ቢሆንም በመላው አሜሪካ በየዓመቱ በአማካይ 1200 ያህል ቶርኔዶዎች ይመዘገባሉ። የጉዳታቸው መጠን ከዜሮ እስከ 5 በደረጃ ይለካል፤ ይህን ልኬት በ1971 ዓ. ም. ያወጡት ፉጂታ የተባሉት ሊቅ ሲሆኑ፥ በ2007 ዓ. ም. ተሻሽሏል። በአምስተኛው ደረጃ ያለው ነፋስ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነፋስ ፈልጎ መከተል መቼ ተጀመረ? ዴቪድ ሆድሊ የተባለው አሜሪካዊ በ1956 ዓ. ም. በሰሜን ዳኮታ ማዕበልን በመኪና መከተል የጀመረው ለገንዘብ ብሎ ሳይሆን፥ በመደነቅ ነበር። ሊቃውንቱም ከዚህ ዐይነቱ ጉዞ ጥቅም አገኙ። በሜይ 24 ቀን 1973 ዓ. ም. ዩኒየን ሲቲ በተባለችው የኦክላሆማ ከተማ አጠገብ የወረደውን ቶርኔዶ፥ ተመራማሪዎች ከልደቱ እስከ ሞቱ በዐይናቸው ተከታትለው ፎቶግራፍ አነሡት፤ በዚያው ሰዓት ራዳር ከሩቅ የመዘገበውንም ካዩት ጋር አነጻጸሩት። ዛሬ ሕዝብን ከሚያስጠነቅቀው ጥበብ አንዱ ክፍል ከእንዲህ ያለው ድካም የተገኘ ነው። ኋላም በተለይ በ1996 ዓ. ም. «ትዊስተር» የተባለው የሲኒማ ፊልም ከታየ ወዲህ፥ ነፋሱን ለማየት የሚመኘው ሰው በዛ፤ መንገደኛን እየጫኑ የሚመሩ ድርጅቶችም ተበራከቱ።

የመሪው ቀን የሚጀምረው በንባብ ነው። ማለዳ ተነሥቶ በኦክላሆማ በኖርማን ከተማ ያለው የመንግሥት የማዕበል ትንበያ ማዕከል ያወጣውን መግለጫ ይመለከታል። ማዕከሉ የነጐድጓዱን ማዕበል ሥጋት በአምስት ደረጃ ከፍሎ በካርታ ላይ ያሳያል። መሪው የእርጥቡን አየር ጉዞ፥ የላይኛውን ነፋስ አቅጣጫ፥ ደረቁና እርጥቡ አየር የሚገናኙበትንም መስመር መርምሮ፥ «ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በዚህ ስፍራ ብንገኝ ይሻላል» ብሎ ይወስናል። ከዚያ ወዲያ ሥራው መንዳት ነው። በአንድ ቀን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር መጓዝ የተለመደ ነው። ከደረሱም በኋላ በአንዲት ትንሽ ከተማ የቤንዚን ማደያ አጠገብ ቆመው ሰማይ እያዩ ለብዙ ሰዓት ይጠብቃሉ። ደመናው ሳይነሣ ፀሓይ የምትጠልቅበት ቀን ብዙ ነው። ሳምንት ሙሉ ተጕዞ አንድም ቶርኔዶ ሳያይ የሚመለስ መንገደኛ አለ። ስለዚህ የመሪው የመጀመሪያ ምግባር ሊሰጥ የማይችለውን ተስፋ አለመስጠት ነው።

ደመናው በተነሣ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ማዕበሉ ብዙውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚጓዝ፥ መሪው መኪናውን ከማዕበሉ በስተደቡብ ምሥራቅ ያቆማል። ከዚያ ሆኖ ነፋሱን በጠራ ሁኔታ ያያል፤ ከከባዱ ዝናብና ከበረዶው ክምችትም ይርቃል። በረዶውን አንባቢ በአገሩ በረዶ እንዳይገምተው። በጁላይ 23 ቀን 2010 ዓ. ም. በደቡብ ዳኮታ ቪቪያን በምትባል መንደር የወደቀው አንድ እንክብል 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ ክብደቱም ወደ 900 ግራም ይጠጋ ነበር። መኪናውን ሲያቆም አፍንጫውን ወደ መውጫው መንገድ ያዞራል፤ መውጫ የሌለው የጭቃ መንገድ ውስጥ አይገባም፤ ከመኪናው የወረዱትንም መንገደኞች እየቈጠረ ይጠብቃል። መብረቁ ሲቀርብ «ግቡ» ይላቸዋል። ምስል ለማንሣት ጥቂት የሚለምን አይጠፋም፤ መሪው ግን በልመና የሚሸነፍ እንዳይሆን ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የነገሩ ዋና ቍም ነገር ይገኛል። መንገደኛው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፥ ከእንግሊዝ ወይም ከአውስትራልያ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። ስድስት ቀን በከንቱ ተጕዞ በሰባተኛው ቀን ነፋሱን ከሩቅ ሲያይ፥ «ጥቂት እንቅረብ» ማለቱ አይደንቅም። ያን ጊዜ «አይሆንም፥ እንመለሳለን» ለማለት የሚችለው መሪው ብቻ ነው። ወደ ማዕበል መንዳትን ደፋር የሆነ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ምኞቱ በተቃጠለ ሰው ፊት መሪውን አዙሮ መመለስ ግን ሌላ ዐይነት ድፍረት ይጠይቃል። የዚህ ሥራ ጥበብ ነፋሱን ከማግኘት ይልቅ ነፋሱን የመተው ጥበብ ነው ብንል፥ ያጋነንን አይመስለንም።

ለዚህም ምስክር አለን። በሜይ 31 ቀን 2013 ዓ. ም. በኦክላሆማ በኤል ሪኖ ከተማ አጠገብ የወረደው ቶርኔዶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተስፋፍቶ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ደረሰ፤ እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው እርሱ ነው። አቅጣጫውንም በድንገት ለወጠ። በዚያ ቀን ቲም ሳማራስ የተባለው ተመራማሪ፥ ከልጁ ከፖልና ከባልደረባው ከካርል ያንግ ጋር በመኪናው ውስጥ እንዳለ ሞተ። ሳማራስ ጀማሪ አልነበረም። በ2003 ዓ. ም. በደቡብ ዳኮታ በቶርኔዶ መንገድ ላይ መሣሪያ አኑሮ፥ የአየሩን ግፊት መውደቅ የለካ ሰው ነበር፤ በባልደረቦቹም ዘንድ የታወቀው በጥንቃቄው ነው። ዕውቀትና ልምድ ያለውን እንዲህ ያለውን ሰው ነፋሱ ካሸነፈው፥ ከርሱ ያነሰው «እኔ ዐውቀዋለሁ» ብሎ ሊመካ እንዴት ይችላል? መንገደኛን የሚጭኑ መኪናዎችም ከአደጋ ነጻ አልሆኑም። በሜይ 28 ቀን 2019 ዓ. ም. በካንሳስ በሎረንስ ከተማ አቅራቢያ በዝናብ የተሸፈነ ቶርኔዶ የአስጐብኚ መኪናዎችን ገልብጦ ተሳፋሪዎችን አቍስሏል።

ዳሩ ግን እናታችን የሚፈሩት ነፋሱን ብቻ ከሆነ፥ ከእርሱ የማያንሰውን የመንገዱን አደጋ እንዳይዘነጉት እናሳስባለን። በኤፕሪል 29 ቀን 2022 ዓ. ም. የአየር ጠባይ ትምህርት የሚማሩ ሦስት ወጣቶች ማዕበል ተመልክተው ከካንሳስ ወደ ኦክላሆማ ሲመለሱ፥ በራሰ አውራ ጎዳና ላይ መኪናቸው ተንሸራቶ ከከባድ መኪና ጋር በመጋጨቱ ሦስቱም ሞቱ። ነፋሱ አልነካቸውም ነበር። ድካም፥ እንቅልፍ፥ የሌሊት ዝናብ፥ መንገዱን ትቶ ሰማይን የሚመለከት ሹፌር፤ እነዚህ በየቀኑ ያሉ ጠላቶች ናቸው። እንዲሁም በመንገድ ድልድይ ሥር መጠለል ያድናል የሚለው የተሳሳተ ወሬ ሕይወት አጥፍቷል። በሜይ 3 ቀን 1999 ዓ. ም. በኦክላሆማ በድልድይ ሥር ከተጠለሉት መካከል ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ከድልድይ ሥር ነፋሱ ይበረታል እንጂ አይደክምምና።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካውን እንናገር። መንገደኛው ነፋሱን ባየ ጊዜ በደስታ ይጮኻል። ነገር ግን ያ ነፋስ የሚሄደው ወደ አንድ ሰው ቤት ነው። ኤል ሪኖ ላይ ሳማራስ ከመሞቱ 11 ቀን አስቀድሞ፥ በሜይ 20 ቀን፥ ሙር በምትባለው ከተማ የወረደው ቶርኔዶ 24 ሰዎችን ገደለ፤ ከእነርሱም ሰባቱ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በ2011 ዓ. ም. በሚዙሪ ግዛት በጆፕሊን ከተማ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቶርኔዶ ሞቱ። ነዋሪው ማስጠንቀቂያ ከሰማ በኋላ ለመሸሸግ የሚያገኘው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። እንግዲህ የጎብኚው የበዓል ቀንና የነዋሪው የመከራ ቀን አንድ ቀን ነው።

ጥሩ መሪ ይህን አይረሳም። ነፋሱ ሜዳ ላይ ሳለ ከመንገደኞቹ ጋር ይደነቃል፤ ወደ ቤቶች ሲያዘነብል ግን ደስታቸውን ዝም ያሰኛል። ያየውንም ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ፈጥኖ ያስታውቃል፤ ራዳር ከሩቅ የሚገምተውን ነገር በዐይን ያየ ሰው ሊያረጋግጠው ይችላልና። መንገድ ዘግቶ አምቡላንስን አያሰናክልም። በፈረሰ ቤት አጠገብ ከሁሉ አስቀድሞ የደረሰ እርሱ ከሆነም፥ ጉብኝቱን ትቶ የተጐዳውን ይረዳል። የሰውን ፍርስራሽ ለማሳየት መንገደኛን ይዞ የሚዞር መሪ ቢኖር ግን፥ ገንዘቡን ከሌላው ሰው እንባ ላይ እየለቀመ መሆኑን ይወቅ።

የተከበሩ እናታችን፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥራው እንጀራ ነው ወይስ ሞትን መፈታተን ላሉት ጥያቄ፥ መልሱ በሠሪው እጅ ነው እንላለን። ስለዚህ ልጅዎን ከመቈጣትዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፥ «እንመለስ» የሚለው ቃል የማን ነው? በማዕበሉ ፊት የቆመው መሪ ነው ወይስ በቢሮ የተቀመጠው ባለቤት? ሁለተኛ፥ ነፋሱን ያላሳየ መሪ ደመወዙ ይቀነስበታል? የሚቀነስበት ከሆነ ነገ ከነገ ወዲያ ጥንቃቄውን መሸጡ አይቀርም። ሦስተኛ፥ ከረዥሙ ጉዞ በኋላ ስንት ሰዓት ይተኛል፥ በመንዳትስ የሚያግዘው ሰው አለ? አራተኛ፥ ደመና የሚያነብ፥ የቍስለኛ የመጀመሪያ ርዳታም የሚያውቅ አስተማሪ አጠገቡ ይኖራል ወይስ መኪና መንዳቱ ብቻ በቂ ሆኖ ተገኝቷል? ወቅቱም በዋናነት ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን ድረስ ብቻ ስለሆነ፥ በቀረው ዓመት ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ያስብበት፤ የአሁን ሥራውንም ጨርሶ አይልቀቅ።

መልሱ ቀና ሆኖ ቢያገኙት፥ ፍርሃትዎ ባይጠፋም ምክርዎን ሰጥተው ይሸኙት። መልሱ የተምታታ ቢሆን ግን፥ «ልጄ፥ ይህን ሥራ ሌላ ቦታ ፈልገው» ይበሉት። ደግሞም ይህን ይጨምሩለት፤ በኋለኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡት መንገደኞች እያንዳንዳቸው በአገራቸው የምትጠብቃቸው እናት አለቻቸው። እርስዎ ለልጅዎ የሚፈሩትን ያህል እርሱ ለእነርሱ የሚፈራ ከሆነ፥ መኪናውን መቼ እንደሚያዞር ያውቃል።