የሙያ ማህበራችን የማን ነው? መልሱ መዋጮው ላይ ነው

ግንቦት 2017 ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ነው የተከታተላችሁት። ሀኪሞች፣ ነርሶች፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች 12 ጥያቄ ይዘው ወጡ። የደሞዝ፣ የዱቲ ክፍያ፣ የራሳቸው ሕክምና ጉዳይ ሁሉ ነበረበት። መጀመሪያ ነጭ ጋውን የለበሱ ፎቶዎች፣ ቀጥሎ ሥራ ማቆም፣ ከዚያ ደግሞ እስር መጣ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው አይደለም በሚለው ላይ ያኔ ብዙ ተብሏል። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ንቅናቄው በአብዛኛው የተሰባሰበው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነበር። ድምፃቸውን ያሰሙ ማህበራት አልነበሩም ማለቴ አይደለም፤ ነበሩ፣ ዋጋም የከፈሉ አሉ። ግን የኢትዮጵያ ሕክምና ማህበርን ብንወስድ ከ60 ዓመት በላይ እድሜ አለው። ነርሱም፣ ሚድዋይፉም፣ ፋርማሲስቱም የየራሱ ማህበር አለው። ታዲያ አንድ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው ሀኪም ብሶቱን ይዞ ማህበሩ ቢሮ ከመሄድ ይልቅ ለምን ግሩፕ መክፈት ቀለለው?

ለማህበራቱ ፍትሃዊ እንሁንና ከሕጉ እንጀምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የፋብሪካ ወይም የግል ባንክ ሠራተኛ የሠራተኛ ማህበር አቋቁሞ ከአሠሪው ጋር የህብረት ስምምነት መደራደር ይችላል። አዋጁ ግን የመንግሥት መስሪያ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ መብቱን የሚያገኙት የመንግሥት ሠራተኞች የትኞቹ እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ይላል። ስለዚህ የመንግሥት ሆስፒታል ሀኪም ወይም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የቀረው የሙያ ማህበር ነው። የሙያ ማህበር ደግሞ ስልጠና ሊሰጥ፣ ጆርናል ሊያሳትም፣ የሥነ ምግባር ደንብ ሊያወጣ ይችላል፤ ለደሞዝ ጠረጴዛ ዙሪያ የመቀመጥ አቅም ግን ሕጉ አልሰጠውም። አባሉ ግን የሚጠብቀው እሱን ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሀኪሞቹ ማህበር ራሱ የተመዘገበ የሠራተኛ ማህበር ነው፤ ሥራ ማቆም ሲጠራም ድምፅ አሰጥቶ ነው።

እሺ፣ ሕጉ አንድ ነገር ነው። ግን ሁሉንም በሕግ ማሳበብ አይቻልም።

እስኪ እድርን አስቡት። ማንም የማኔጅመንት ኮርስ አልወሰደም። ግን መዝገብ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። በወሩ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ስብሰባ የቀረም ይቀጣል። እናቶቻችን ለሌላ ነገር ብር ሲያጥራቸው እንኳን የእድር አያሳልፉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሐዘን የገባ ቀን ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ብሩ በእጅ ይሰጣል። ጎረቤት ቤት ሲደረግ በዓይናቸው አይተዋል። ገንዘብ ያዡንም ያውቁታል፤ ካጠፋ ሰፈር ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።

አሁን ያንኑ ሰው የሙያ ማህበሩን መዋጮ ጠይቁት። ስንት እንደሆነ አያውቅም። ምን እንደሚያገኝበት አያውቅም። አንዲት ነርስ ጓደኛዬ ማህበር የገባችው የተመረቀች ሰሞን ነው፤ ፎርም ሞላች፣ ብር ከፈለች፣ መታወቂያ ተሰጣት። ከዚያ በኋላ ማንም «ዘንድሮ አላደስሽም፣ ምነው?» ብሎ ደውሎላት አያውቅም። ከማህበሩ የሚደርሳት ነገር ቴሌግራም ቻናሉ ላይ የሚለጠፍ «እንኳን አደረሳችሁ» ነው። ስሟ ግን እስካሁን አባል ተብሎ የሚቆጠር ይመስለኛል።

ዋናው ችግር እዚህ ጋር ነው። መዝገብ ላይ ያለ አባልና መዋጮውን ያደሰ አባል ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ ማህበር 2,000 አባል አለኝ ይላል እንበል፤ መዋጮው በዓመት 300 ብር ይሁን። ሁሉም ከከፈለ 600,000 ብር፣ በወር 50,000 ብር ነው። ጠባብ ቢሮና አንድ ሁለት ሠራተኛ በቁጠባ ያኖራል። ያደሱት ግን 400 ብቻ ከሆኑ 120,000 ብር ነው፤ በወር 10,000። በዚህ እንኳን ቢሮ፣ ጸሐፊም አይቀጠርበትም። ታዲያ ማህበሩ እንዴት ይኖራል? ከሌላ ቦታ ብር ይፈልጋል። ያገኘበት ቦታ ደግሞ ቀስ በቀስ አለቃው ይሆናል።

አንደኛው ቦታ ለጋሽ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ለብዙ ሺህ ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሰጠ፣ ስሙ የተከበረ ማህበር ነው። ሥራው በአብዛኛው የሚሄደው በውጭ እርዳታ ነበር። በ2001 አዋጅ 621 ወጣና በመብት ጉዳይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ማግኘት የሚችለው ከገቢው 10 በመቶ ብቻ ነው አለ። የማህበሩ ሂሳብ ታገደ፣ አብዛኛው ሠራተኛም ተሰናበተ። አዋጁ ለእኔ ግልጽ አፈና ነበር፤ በ2011 በአዋጅ 1113 መተካቱም ትልቅ ነገር ነው። ግን ከውጭ የሚመጣ ብር ሲቆም በአባል መዋጮ ብቻ መቆም የሚችል ማህበር ያኔ ስንት ነበር? አሁንስ?

ሁለተኛው መንገድ ከደሞዝ ተቆራጭ ነው። ለማህበሩ ምቹ ነው፣ ብሩ ሳይለምን ይገባል። አደጋውን ግን ከመምህራን የሚያውቀው የለም። የመምህራን ማህበር በ1941 የተመሠረተ ነው፤ በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አብዮቱን ካቀጣጠሉት አንዱ ነበር። ከ1983 በኋላ ግን በአንድ ስም ሁለት ወገን ተፈጠረ። የስሙ፣ የንብረቱና የተቆራጩ ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በ2000 በፍርድ ቤት ተዘጋ። የተሸነፉት በአዲስ ስም እንመዝገብ ብለው ተከለከሉ፤ ጉዳዩ እስከ ዓለም የሥራ ድርጅት ደርሷል። የፖለቲካው ክርክር ረጅም ነው፣ እዚህ አልገባበትም። እኔ ያየሁት ይሄን ነው፦ መዋጮህን የሚቆርጠው አሠሪህ ከሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥ ሊወስን የሚችለውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና፣ በተለምዶ ሲፒዲ የምንለውን፣ መውሰድ አለበት። ስልጠናውን ከሚሰጡት መካከል የሙያ ማህበራት አሉ። ጥሩ ገቢ ነው፣ ጥሩ አገልግሎትም ሊሆን ይችላል። ጠበቆች ጋር ደግሞ ነገሩ አንድ እርምጃ ሄዷል፦ በአዋጅ 1249/2013 መሠረት የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ ያለው ሁሉ በሕግ የማህበሩ አባል ነው። አባል ፍለጋ የሚባል ጣጣ የለም። ግን ትቶ መሄድ የማይችል አባል ቅሬታው በምን ይታወቃል? በፈቃድ የሚከፈልበት ማህበር ሰው ሲሸሽ ይነቃል፤ በግዴታ የሚከፈልበት ማህበር የሚነቃው ምርጫው እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ1847 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ ሕክምና ማህበር ትልቁ ገቢው ከመዋጮ ሳይሆን ሆስፒታሎችና ኢንሹራንሶች ለክፍያ ከሚጠቀሙበት የሕክምና ኮድ የባለቤትነት ክፍያና መሰል ምንጮች ነው። ሀብታም ማህበር ነው። በአንድ ወቅት የአገሪቱን አብዛኛውን ሀኪም አቅፎ ነበር፤ ዛሬ ሩቡን እንኳን አይዝም።

እንግዲህ አዲስ ተመራቂ ከሆናችሁ፣ «ማህበሩ ምንም አይሠራም» ብሎ መቅረት ቀላል ነው። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ግን ጠቅላላ ጉባኤው ባዶ ሲሆን አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩት ለረጅም ጊዜ የቆዩት ናቸው፣ የሚመርጡትም እነሱ፣ የሚመረጡትም እነሱ። ማህበር በሕግ በየዓመቱ የሥራና የሂሳብ ሪፖርት ማቅረብ አለበት። አባል ሆኖ ያንን ሪፖርት አሳዩኝ ማለት ድፍረት አይደለም። ሪፖርቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ፈልጉ፦ ከገቢው የአባላት መዋጮ ስንት ነው?

ማህበራቱን ለምትመሩት ደግሞ፣ መዋጮ በቴሌብር ለመቀበል አዲስ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ያላደሰውን ሰው ደውሎ መጠየቅም ፈንድ አይፈልግም። የመጀመሪያ ዓመት አባል ሁለተኛ ዓመት ላይ የማይመለስ ከሆነ ችግሩ የተመራቂው አይደለም፤ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ምንም አልደረሰውም ማለት ነው። አንድ ጀማሪ ነርስ ክስ ሲመጣባት የሚያማክራት የሕግ ባለሙያ፣ ወይም ደሞዟ ሦስት ወር ሲዘገይ በስሟ የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ከአስር «እንኳን አደረሳችሁ» ይበልጣል።

እናንተስ? የሙያ ማህበር አባል ናችሁ? መዋጮ ለመጨረሻ ጊዜ የከፈላችሁት መቼ ነው፣ ምን አገኛችሁበት? ጻፉልን፤ ሥራችሁን ላለመንካት ስማችሁን መተው ትችላላችሁ።