ከሞተር ኋላ ቢስክሌት ስለ መንዳት

ቢስክሌት የሚወድ ልጅ ያለው አባት አንድ ቀን ይህ ልመና ይደርሰዋል፤ ይኸውም ልጁ ሞተር ቢስክሌት እየተከተለ እንዲለማመድ ይፈቀድለት ዘንድ ነው። ነገሩ ከንቱ አይደለም። በፍጥነት የሚነዳውን ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመው ነፋስ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናልና። ሞተሩ ነፋሱን ሲከላከልለት ግን ልጁ ብቻውን በማይደርስበት ፍጥነት እግሩን ያስለምዳል።

እኔ ግን አባትየውን የምጠይቀው ስለ ልጁ ጉልበት አይደለም፤ ሞተሩን የሚነዳው ማን ነው ብዬ ነው።

በአውሮጳ የመወዳደሪያ ሜዳ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። መሪው የሚደፋው የራስ ቁር የጆሮው ቀዳዳ ወደ ኋላ የዞረ ነው፤ የተከታዩን ድምፅ ይሰማ ዘንድ። ተከታዩ «አሌ» ሲል መሪው ፍጥነት ይጨምራል፤ «ሆ» ሲል ይቀንሳል። የፊተኛው ለኋለኛው የሚታዘዝበት ሥርዓት መሆኑ ደስ ያሰኛል። ከሞተሩም በስተኋላ የሚሽከረከር ዘንግ ተገጥሞለታል፤ የቢስክሌቱ ጎማ ቢነካው አብሮ ይዞራል እንጂ ሰውየውን ወዲያው አይጥለውም። ይህን ሁሉ ሙያ በሚያውቁ ሰዎች መካከል እንኳ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በሐምሌ 1909 በበርሊን አንድ መሪ ሞተር ከመስመሩ ወጥቶ በተመልካች መካከል ስለ ወደቀ 9 ሰዎች ሞተዋል።

በመንገድ የምናየው ሞተር እንዲህ ያለ ዘንግ የለውም፤ ጎማ ጎማን ቢነካ የሚወድቀው የኋለኛው ነው። ስለዚህ ጀማሪ ቢያንስ የአንድ ቢስክሌት ርዝመት ይራቅ። ዓይኑን በፊቱ ባለው ጎማ ላይ አይትከል፤ በመሪው ትከሻ አሻግሮ መንገዱን ይመልከት። ጣቱ ከፍሬን አይለይ፤ የራስ ቁርም ይድፋ። መሪው ራሱ ቢስክሌት የነዳ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ፍሬን በድንገት አይያዝ፤ ጋዙን ቀስ በቀስ ይቀንስ፤ ጉድጓድ ባየ ጊዜ አስቀድሞ በእጁ ያመልክት። ስፍራውም ሌላ ተሽከርካሪና እግረኛ የማይመላለስበት ይሁን።

የማያውቁትን የጭነት መኪና መከተል ግን ፈጽሞ አይፈቀድ። መኪናው መንገዱን ይጋርዳል፤ ሾፌሩም ከኋላው ሰው መኖሩን አያውቅም። በችሎት ጸሐፊነቴ እንዲህ ያለ ጉዳይ መዝግቤ አውቃለሁ። ሾፌሩ «አላየሁትም» ብሎ ቃሉን ሰጠ፤ የልጁም አባት በዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር።