ስለ ኑሮ መወደድና ስለ ቤት እድሳት

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚያስፈልጉት ነገሮች ምግብና ልብስ ቀዳሚዎቹ ሲሆኑ ሦስተኛው መጠለያ ነው። ምግብ በየቀኑ የሚሸመት ስለ ሆነ ዋጋው ሲወደድ ማንም ሰው በዚያው ዕለት ያውቀዋል። ቤት ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ዝም ብሎ የሚቆም ስለሚመስል፥ ጣራው እስኪያፈስ፥ ግድግዳው እስኪሰነጠቅ፥ ቧንቧው እስኪፈነዳ ድረስ ባለቤቱ የጥገናው ዋጋ ምን ያህል እንደ ደረሰ ሳይጠይቅ ይኖራል። በጠየቀም ጊዜ የሚሰማው መልስ ያስደነግጠዋል። ከድንጋጤውም የተነሣ አንዱ ሥራውን ለሚመጣው ዓመት ያሳልፈዋል፤ ሌላው ደግሞ ሠራተኛውን ቀማኛ ነህ ብሎ ይጣላዋል። ሁለቱም ነገር ተመልሶ የሚጎዳው ባለቤቱን ራሱን ስለ ሆነ፥ የነገሩን ሥር መመርመር ይገባል።

የአንድ ጥገና ዋጋ ከሦስት ነገሮች የተሰበሰበ ነው። እነርሱም የዕቃው ዋጋ፥ የማመላለሻው ኪራይና የሠራተኛው የእጅ ዋጋ ናቸው።

የጣራ ቆርቆሮ ምንም እንኳ በአገር ውስጥ ፋብሪካ ተሠርቶ ቢወጣ፥ ብረቱ የሚመጣው ከውጭ አገር ነው። የምስማሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ አስቀድሞም ቢሆን ዶላር ከባንክ ያላገኘ ነጋዴ በስውር ገበያ በውድ ዋጋ ይገዛ ስለ ነበረ፥ የዚያው ልዩነት በቆርቆሮው ላይ ተጨምሮ ይሸጥ ነበር። የሲሚንቶ ድንጋይ በእርግጥ የአገር ሀብት ነው፤ ዳሩ ግን ሲሚንቶውን ከሙገር ወይም ከደርባ እስከ አዲስ አበባ የሚያመጣው ከባድ መኪና የሚጠጣው ነዳጅ ከባሕር ማዶ የተገዛ ነው። የነዳጅም ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ እየተነሣ ስለ መጣ፥ የማመላለሻው ኪራይ እርሱን ተከትሎ ከፍ ብሏል።

የሠራተኛውም የእጅ ዋጋ ከዚህ የተለየ አይደለም። ግንበኛውም አናጢውም እንጀራ የሚበላው ከዚያው ገበያ ሸምቶ ነው። ጤፉ፥ ዘይቱና የሚኖርበት ክፍል ኪራይ እየጨመረ ሳለ በቀድሞው የቀን ሒሳብ ቢሠራ፥ የሰውን ቤት እያቀና የራሱን ቤት ማፍረሱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ሲሻሻል ማስተካከያው ከመሥሪያ ቤቱ መጣለት። የቀን ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት የለውም፤ ደመወዙ የሚሻሻለው እርሱ ራሱ ዋጋ ሲጠራና አሠሪው ሲስማማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ጨመረ ተብሎ ብቻ ሠራተኛን ቀማኛ ማለት ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

የዋጋው መወደድ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ትንሽ ጥገና የሚያስፈልገው ሰው ላይ ነው። ትልቅ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ሲሚንቶውን በመኪና ጭነት፥ ቆርቆሮውን በብዛት ይገዛል። በጡረታ የምትኖር ባልቴት ግን ሦስት ቆርቆሮና አንድ ኪሎ ምስማር የምትገዛው ከሰፈር ሱቅ ስለ ሆነ፥ የጅምላ ነጋዴው፥ የቸርቻሪውና የተሸካሚው ትርፍ ሁሉ ተደራርቦ ይደርስባታል። ሠራተኛውም ለግማሽ ቀን ሥራ ቢጠራ የቀረውን ግማሽ ቀን ሌላ ሥራ ስለማያገኝበት፥ የሙሉ ቀን ዋጋ መጠየቁ ግድ ነው።

ብዙ ሰዎች ዋጋው እስኪመለስ ልጠብቅ ይላሉ። ይህ ግን በሒሳብ ሲመረመር የማያዋጣ ተስፋ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት በዓመት ከመቶ 30 በላይ ነበር። 1 ሺህ ብር ይፈጅ የነበረ ጥገና በየዓመቱ ከመቶ 30 ቢጨምር በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 1 ሺህ 690 ብር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ንረቱ ቀንሶ ከመቶ 10 ብቻ ቢሆን ዋጋው 1 ሺህ 859 ብር ይደርሳል እንጂ ወደ 1 ሺህ አይመለስም። ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነውና፥ ይህን ሳይለዩ መጠበቅ ኪሳራ ነው።

ከዚህም በላይ የፈረሰ ነገር ባለበት አይቆይም። በአንድ የምስማር ቀዳዳ የሚገባ የዝናብ ውኃ በመጀመሪያው ክረምት የሚያረጥበው ማገሩን ነው፤ ይህም በጥቂት ሬንጅና በቁራጭ ጨርቅ ሊደፈን ይችል ነበር። በሁለተኛው ክረምት ማገሩ ይበሰብሳል፤ ኮርኒሱም ይወርዳል። በሦስተኛው ክረምት ውኃው በጭቃው ግድግዳ ውስጥ ይወርድና ምርጊቱን ያራግፋል፤ የቋሚውንም እግር ያበሰብሳል። እንግዲህ የዘገየ ሰው በሁለት ወገን ይከፍላል፤ ዋጋውም ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል፥ ሥራውም በዝቶ ይጠብቀዋል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በዚህ ነገር የመንግሥት ቤት የሚያከራዩ ጽሕፈት ቤቶችም ድርሻ አለባቸው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ሆነ። ኪራዩም ተቀንሶ ለብዙ አሥር ዓመታት ብዙም ሳይነካ ስለ ኖረ፥ ድሀው በአነስተኛ ዋጋ መጠለያ አገኘ፤ ይህም ታላቅ ጥቅም ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ብር የተተመነ ኪራይ በዛሬ ዋጋ ቆርቆሮ ሊገዛ ስለማይችል፥ ቤቶቹ ጠጋኝ አጥተው አረጁ። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ፈቃድ መጠየቁ ለሥርዓት የተደረገ ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን የማመልከቻው መልስ አንድ ወርና ሁለት ወር ቢዘገይ፥ አመልካቹ ለቆርቆሮ ያጠራቀመው ገንዘብ በእጁ ላይ እያነሰ ይሄዳል፤ ዝናቡም ይደርስበታል። ጽሕፈት ቤቶቹ የጣራና የግድግዳ ጥገና የሚጠይቁትን ማመልከቻዎች ከሰኔ በፊት መርምረው ቢጨርሱ፥ መንግሥትን ምንም ወጪ ሳያስወጡ ብዙ ቤት ከመፍረስ ያድናሉ።

ሠራተኞችም በበኩላቸው ሊጠነቀቁ ይገባል። ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ፥ ሲሚንቶውን አሳንሶ አሸዋውን የሚያበዛ፥ የባለቤቱን ልብስና በር አይቶ ዋጋ የሚጠራ ሰው፥ በቅን የሚሠሩትን ጓደኞቹን ሁሉ ያሳማል። ይህንንም ለማስቀረት ቀላሉ መንገድ የዕቃውን ዋጋና የእጅ ዋጋን ለይቶ በወረቀት መጻፍ ነው። ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ውል በተደረገበት ዕለት ቢገዛ፥ ነገ ቢወደድ ሠራተኛውን አይከሰውም፤ ሠራተኛውም ባልታወቀ ጭማሪ ፈርቶ ዋጋውን አስቀድሞ ከፍ አያደርግም። ሥራው ሲያልቅም የተስማሙበትን ሳያጓድሉና ሳያዘገዩ መክፈል የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ብቻውን የማይችል ሰው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ቢተባበር ይቀለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ በአንድ መንደር የሚኖሩ አሥር ቤተ ሰቦች ቆርቆሯቸውን በአንድነት ቢገዙ የቸርቻሪውን ትርፍ ያተርፋሉ፤ አንድ አናጢም ለአንድ ሳምንት ቢቀጥሩ ግማሽ ቀኑ አይባክንም። ለዚህ ሥራ ዕድርን የሚያህል የተዘጋጀ ማኅበር የለም፤ ገንዘብ ያዥ አለው፥ ዳኛ አለው፥ አባላቱም ይተዋወቃሉ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ማኅበር፥ ሰው በሕይወት ሳለ ጣራውን ቢደፍንለት ከዓላማው አይርቅም። ወጣቶችም በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደሳቸው እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ሥራው ዝናቡ ሳይበረታ በግንቦት ቢጀመር ደግሞ ጥቅሙ የበለጠ ይሆናል።

የዶላርን ምንዛሪም ሆነ የነዳጅን ዋጋ አንድ ቤተ ሰብ ሊወስነው አይችልም። ጣራውን በበጋ ወጥቶ ማየት፥ ቀዳዳውን በጊዜ መድፈንና ለሠራተኛው በቅን መክፈል ግን በእያንዳንዱ ሰው እጅ ነው። ክረምት የሰውን ኪስ አይቶ አይዘገይምና፥ ዛሬ በጥቂት ገንዘብ የሚቆመውን ቤት ነገ በብዙ ገንዘብ ለማቆም ከመቸገር በፊት እያንዳንዱ ሊያስብበት ይገባል።