ለልጅዎ ኤሊ ከመግዛትዎ በፊት



ሰሞኑን አሜሪካ የምትኖር አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ ትልቁ ልጄ ለልደቱ ኤሊ ግዢልኝ ብሎ አስጨነቀኝ። አትጮህ፣ ፀጉር አታራግፍ፤ ከውሻ አትሻልም?» ቤት ውስጥ የስምንት ወር ሕፃንም አለች።

መልሴ አጭር ነው፦ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ኤሊ ባይገባ እመርጣለሁ።

ከዓይናቸው ጀርባ ቀይ መስመር ያላቸው እነዚያ ትንንሽ አረንጓዴ የኩሬ ኤሊዎች ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ በአንጀታቸው ሊይዙ ይችላሉ። ብዙዎቻችን በታይፎይድ የምናውቀው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። ኤሊዋ ራሷ አትታመምም። ጤነኛና ንጹሕ መስላ፣ ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣዋለች። ከዚያ ቅርፊቷም የምትዋኝበት ውሃም ይበከላል። ሕፃኗ ኤሊዋን ባትነካ እንኳ፣ ወንድሟ ነክቶ እጁን ሳይታጠብ ጡጦዋን ቢያቀብላት ይበቃል።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ በ1975 (እ.ኤ.አ.) የከለከለችው፣ ልጆች ወደ አፋቸው እያስገቧቸው ስለታመሙ ነው። ዛሬም ግን በየመንገዱና በኢንተርኔት ይሸጣሉ። በ2007 ፍሎሪዳ ውስጥ የጥቂት ሳምንታት ጨቅላ በዚሁ ሕመም ሞቷል፤ ቤት ከነበረችው ኤሊ የተገኘውም ባክቴሪያ ያው ነበር። ትልቅ ኤሊም ብትሆን ከባክቴሪያው ነፃ ናት ማለት አይደለም።

አስቀድማ ቤት ከገባችስ?
- ትንንሽ ልጆች አይንኳት፤ የነካት ሁሉ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ።
- ገንዳዋን ምግብ በሚዘጋጅበት ወጥ ቤት አይጠቡ።
- «አሳዘነችኝ» ብለው ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አይልቀቋት። ተፈጥሯዊ መኖሪያዋ ባልሆነ ቦታ የአገሬውን ኤሊዎች ምግብና ቦታ ትሻማለች። በአግባቡ የሚንከባከባት ሰው ወይም የእንስሳት መጠለያ ይፈልጉላት።

ልጅዎ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ከያዘው ኦ.አር.ኤስ. ይስጡት፤ አንቲባዮቲክ ግን በራስዎ አይጀምሩ። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከደከመ፣ ወይም ከሦስት ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ሐኪሙ ባይጠይቅዎም «ቤት ኤሊ አለን» ይበሉ።

ለዚያች እናት «ትንሿ ትደግ፣ ትልቁም እጁን ሳይነገረው መታጠብ ይልመድ፤ ያኔ እንነጋገራለን» አልኳት። ኤሊ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች። ጥቂት ዓመት መጠበቅ ማንንም አይጎዳም።

ትንሽ ልጅ ላላቸው ወዳጆችዎ ያጋሩ።