የጸሎት ርዕስ ሲላክ ገመናም አብሮ ይላካል

እሑድ ማታ ነበር። ዲላ በተከራየኋት ክፍል ጋደም ብዬ ስልኬን ስነካካ አንድ የቴሌግራም መልእክት ገባ። «አስቸኳይ የጸሎት ርዕስ» ይላል። ከሥሩ የአንዲት ሴት ሙሉ ስም፣ ሰፈሯ፣ ስልክ ቁጥሯ እና የያዛት በሽታ ተጽፏል። የሪፈር ወረቀቷም ፎቶ ተነሥቶ ተያይዟል። የላከልኝ ሰው የፍስሐ ገነት ልጅ እንኳ አይደለም፤ አዲስ አበባ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። «የእናንተ አገር ሴት ናት መሰለኝ፣ እስቲ ጸልዩላት» ብሎ ፎርዋርድ አደረገልኝ።

ሴትየዋ ከአክስቶቼ አንዷ ናት። መታመሟን የሰማሁት በዚያች ደቂቃ ነው።

በሽታዋ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ደውዬ አስፈቅጃታለሁ። «ስሜንና በሽታዬን ተወው፣ የቀረውን ጻፍ» ብላኛለች።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አክስቴ ፍስሐ ገነት በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ሽማግሌዎች ችግሯን ነገረች፤ ወረቀቱንም አሳየቻቸው። የፈለገችው እንዲጸልዩላት፣ ከተቻለም ለሕክምናው ትንሽ እንዲያግዟት ነው። ሽማግሌዎቹ ለጸሎት አስተባባሪዋ ነገሯት። አስተባባሪዋ ከ300 ሰው በላይ ያለበት ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ለወጣቶች ግሩፕ፣ ሌላው ይርጋ ጨፌ ላለ ኅብረት፣ ሌላው አዲስ አበባ ላለ ዘመድ እየላከ እኔ ጋ እስኪደርስ አንድ ቀን አልፈጀም።

እውነቱን ለመናገር መልእክቱ ጠቅሟታል። በሦስት ቀን ውስጥ ወደ 6,000 ብር ተሰብስቦ የትራንስፖርትና የምርመራ ወጪዋን ሸፍኖላታል። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን ምን አደረገችላት?» ብዬ ልጮህ አልችልም።

ሌላው ውጤት የመጣው ቆይቶ ነው። አክስቴ እንደ ብዙው የአካባቢያችን ሰው ጓሮዋ ቡና አላት። ክረምት ላይ እጅ ሲያጥራት ከአንድ ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ቅድሚያ ገንዘብ ትወስዳለች፤ ቡናው ሲደርስ ቀዩን እሸት ለቅማ ታስረክበዋለች። ለዓመታት እንዲህ ነው የኖሩት። ያን ክረምት 15,000 ብር ሊሰጣት ተስማምቶ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን «መጀመሪያ ይሻልሽ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አላት። ማን እንደነገረው መጠየቅ አላስፈለጋትም። እሱም ግሩፑ ውስጥ አለ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር አበዳሪ ስለ ተበዳሪው በቂ መረጃ ከሌለው ብድር እንደሚበላሽ ተነግሮናል። ስለዚህ «ነጋዴውም ገንዘቡን ላለማጣት ማወቅ አለበት» የሚለኝ ይኖራል። ይሁን። ግን አክስቴን መጠየቅ ይችል ነበር። ቢጠይቃት ኖሮ ቡናውን የሚለቅሙላት ልጆች እንዳሏት ታስረዳዋለች፣ ዋስ ትጠራለች፣ ካልፈለገችም ዝም ትላለች። እሷ ለጸሎት የሰጠችው መረጃ እሷ በሌለችበት የብድር መረጃ ሆነ። መልእክቱን ለማስተላለፍ አንድ ሰው የሚያወጣው ወጪ አንዲት ጣት መንካት ብቻ ነው። 15,000 ብሩን ያጣችው ግን እሷ ናት።

እዚህ ላይ ራሴንም ልክሰስ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለእረፍት አገር ቤት ስመጣ «አንተ ኮምፒዩተር ትችላለህ» ተብዬ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የምእመናን መዝገብ ወደ ኤክሴል የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ ሥራ፣ የአስራት መጠን፣ መሸኛ ደብዳቤው ከየት እንደመጣ። መጨረሻ ላይ «አስተያየት» የሚል ዓምድ ነበር። «በዲሲፕሊን ላይ ያለ»፣ «ከባሏ የተለያየች» የሚሉ ቃላትን እዚያ ውስጥ በእጄ ጽፌያለሁ። ፋይሉን አስረከብኩ፤ የራሴን ቅጂ ግን አላጠፋሁም።

የአክስቴ ነገር ከተፈጠረ በኋላ ትዝ ብሎኝ ስፈልገው ሦስት ቦታ አገኘሁት፤ ስልኬ ላይ፣ ኢሜሌ ላይ፣ ፕሪንት ለማድረግ ብዬ በተዋስኩት የጓደኛዬ ፍላሽ ላይ። ፍላሹ በመካከል በስንት እጅ እንዳለፈ ጓደኛዬም አያውቅም። ማንም በክፋት አላደረገውም። እኔም አላደረግኩትም። ግን የብዙ ቤተሰብ ጓዳ ለዓመታት ቁልፍ በሌለው ፍላሽ ሲዞር ከርሟል።

ይህን የምጽፈው ቤተ ክርስቲያንን ለመንቀፍ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከጌዴኦ ዞን ነዋሪ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ፕሮቴስታንት መሆኑን ተናግሯል። ስትታመም፣ ስትሰደድ፣ ሬሳ ይዘህ ስትቸገር ከምታንኳኳቸው በሮች አንዱ የቤተ ክርስቲያን በር ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል ሕዝቡ የተጠለለው በትምህርት ቤቶች፣ በመንግሥት ሕንፃዎችና በአብያተ ክርስቲያናት ነበር። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ስምህ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ እህልና ዘይት ማግኘት ነው። ስለዚህ መረጃ መሰብሰብ በራሱ ክፉ ሥራ አይደለም። ግን ማን ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ ብሔሩ ምን እንደሆነ፣ አሁን የት እንዳደረ የያዘ ያው ዝርዝር የማይሆን እጅ ቢገባ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያንን ጊዜ ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕጉም ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት ይጠብቃል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን አጽድቋል፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሐሳቡ በቀላል አማርኛ ይህ ነው፤ የሰው መረጃ ለተነገረው ዓላማ ብቻ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ፣ ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ይያዝ። ባለቤቱም የተያዘበትን የማየት፣ ስሕተቱን የማስተካከልና እንዲጠፋ የመጠየቅ መብት አለው። አዋጁ የበለጠ ጥንቃቄ ከሚጠይቅባቸው መረጃዎች መካከል ጤናና ሃይማኖት ይገኙበታል። እንግዲህ አስቡት፤ የምእመናን መዝገብ ውስጥ ስምህ መኖሩ ራሱ ስለ ሃይማኖትህ ይናገራል። የጸሎት ርዕስ ሲጨመርበት ጤናህም መጣ።

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ከማለታችን በፊት አንድ የስዊድን ታሪክ ላንሣ። ቦዲል ሊንድክቪስት የምትባል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በአውሮፓውያኑ 1998 ለወጣት ምእመናን ይጠቅማል ብላ በቤቷ ኮምፒዩተር ድረ ገጽ ሠራች። በገጹ ላይ ስለ ራሷና ስለ 18 የአገልግሎት ባልደረቦቿ ጻፈች፤ የአንዳንዶቹ ሙሉ ስምና ስልክ ነበረበት። የአንዷ ባልደረባ እግር ተጎድቶ ግማሽ ቀን ብቻ እንደምትሠራም ጠቀሰች። ሰዎቹ እንዳልወደዱት ስታውቅ ገጹን አነሣችው። ቢሆንም ተከሰሰች፣ 4,000 ክሮነርም ተቀጣች። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2003 በተሰጠው ውሳኔ የተጎዳ እግር እንኳ የጤና መረጃ ነው ተባለ። ለበጎና ለመንፈሳዊ ዓላማ መደረጉም ከሕጉ አያስወጣም ተባለ።

እኔ የጸሎት አስተባባሪዋ ትቀጣ አልልም። ደግ ሴት ናት፤ አክስቴን ሆስፒታል ሄዳ የጠየቀችውም እሷ ናት። ግን ቅን ልብ መኖሩ ጉዳቱን እንደማያስቀር ከስዊድንም ከአክስቴም መማር እንችላለን።

ከአንድ ሽማግሌ ጋር ስለዚህ ተነጋግሬ ነበር። «ልጄ፣ ትንሽ ከተማ ነው፤ እኛ ብንደብቀውም ሰው መስማቱ አይቀርም» አሉኝ። ልክ ናቸው። የትንሽ ከተማ ወሬ እኛ ስንወለድም ነበር። ግን የቡና ላይ ወሬ ከሳምንት በኋላ ይደበዝዛል፤ «አይ፣ ተሳስተሻል» ሊባልም ይችላል። የሪፈር ወረቀት ፎቶ ግን አይደበዝዝም። አክስቴ ብትድን እንኳ ከአምስት ዓመት በኋላ የልጇን እጅ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ዘመድ ያንን ፎቶ ስልኩ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል።

ደግሞስ በእምነቱ ዓለም ሚስጥር መጠበቅ አዲስ ነገር ነው እንዴ? በኦርቶዶክሱ ዘንድ ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር አይወጣም። በሁሉም ቤት ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች የሰሙትን ይዘው ይቀበራሉ። ገመና ሸፋኝ መሆን በእኛ ዘንድ ትልቅ ምስጋና ነው። ስልኩ ሲመጣ ነው ይህን ልማድ በር ላይ የተውነው።

ለውጡ ብዙ ብር አይጠይቅም። ሰው ችግሩን ሲነግራችሁ «ይህንን ለማን ልንገርልህ? ስምህን ልጥቀስ?» ብሎ መጠየቅ። በግሩፕ ላይ «ለሕክምና የምትሄድ አንዲት እኅታችን አለች፣ ጸልዩ» ማለት፤ እግዚአብሔር ስልክ ቁጥሯን አይጠይቅም። ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ በገንዘብ ያዡ በኩል መሰብሰብ። የአስራት መዝገቡን በቁልፍ ማኖር፣ «አስተያየት» የሚለውን ዓምድ መሰረዝ። ዱቄትና ዘይት የተቀበለን ሰው ፎቶ ሳያስፈቅዱ ፌስቡክ ላይ አለመለጠፍ።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ሁሉ ላያውቁት ይችላሉ። ግሩፑን የከፈትነው፣ አድሚን የሆንነው፣ መዝገቡን በኤክሴል የጻፍነው ግን እኛ ወጣቶቹ ነን። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለከተው እኛን ነው።

እኔ ሦስቱንም ቅጂ አጥፍቻለሁ፤ ለሽማግሌውም ነግሬያቸዋለሁ። የአክስቴ መልእክትም ከጸሎት ግሩፑ ላይ ተነሥቷል፤ ከሌሎቹ ግሩፖች ግን ማን ያነሣዋል? እሷ አሁን ተሽሏታል። ቤተ ክርስቲያንም ትሄዳለች። የጸሎት ርዕስ ግን ከዚያ ወዲህ አስገብታ አታውቅም። ባለፈው ስጠይቃት «እግዚአብሔር ይሰማኛል፣ ሰው አይስማ» አለችኝ። በሚቀጥለው ስትታመም ለማን እንደምትነግር አላውቅም፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ዛሬ ማታ የቤተ ክርስቲያናችሁን ግሩፕ ክፈቱና «ጸልዩ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። የሰው ስምና በሽታ አብሮ ካገኛችሁ ለአድሚኑ በውስጥ መስመር ጻፉለት። አድሚኑ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ መጀመሪያ ለባለቤቱ ደውሉ።