ክረምታችን ጃንጥላ እንጂ የፀሐይ መነጽር የለውም

ዛሬ ስለ ልጆች የክረምት ጥናት ላወራችሁ ነው። ልጅ የለኝም፤ የእህቴ ልጅ ግን አለኝ። ለነገረኝነት እሱ ይበቃል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰው የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤቱ "የክረምት መልመጃ" የሚባል ጥራዝ ተሸክሞ መጣ። በነፃ እንዳይመስላችሁ፣ ተከፍሎበታል። ሽፋኑ ላይ ፀሐይ መነጽር አድርጋ ትስቃለች። ውስጡ አሸዋ፣ ዛጎል፣ አይስክሬም፣ የባሕር ዳርቻ ጃንጥላ። ግሡን ከባልዲው ጋር አገናኝ፣ ቅጽሉን ከዓሣው ሆድ ፈልገህ አውጣ፣ ስሙን ቢጫ ቀባ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሁሉም በእንግሊዝኛ። ውጭ ደግሞ ቆርቆሮው ሊበሳ እስኪደርስ ይዘንባል።

ልጁ ገልጦ ገልጦ፣ "ጋሼ፣ ሰመር ክረምት ነው አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ ዝናቡ የታለ?"

እውነቱን ነው። በመዝገበ ቃላት ከሄድን ሰመር በጋ ነው። በትምህርት ቤት ቋንቋ ግን ሰመር ማለት ትምህርት የሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ እኛ ዘንድ ዶፍ ነው። "የፈረንጅ ክረምት ፀሐይ አለው" ብዬ አለፍኩት። (ዋሸሁት እንግዲህ፣ ምን ላድርግ!)

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ልጅ በዕረፍት ጊዜ የተማረውን ይረሳል የሚለው ነገር የወላጅ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ 39 ጥናቶችን አገላብጠው፣ ተማሪዎች ከዕረፍት ሲመለሱ ውጤታቸው በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ጽፈዋል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በመጠኑ ላይ ተከራክረዋል፤ ይከራከሩ። የነሱ ዕረፍትም የኛም ሁለት ወር አለፍ ይላል፤ ሁለት ወር ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ዘመን ነው። በጨዋታ ይከልስ መባሉም ትክክል ነው። ጥያቄዬ ምን ይከልስ፣ በማን ክረምት ይከልስ የሚል ነው።

ይህን ያነሳሁት በአንድ ምሽት ምክንያት ነው። መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ተቀምጠናል። የአማርኛ መጽሐፉን አምጣና አንብብልኝ አልኩት። ቀጥ አድርጎ ያነበንበው ጀመር። አንበሳና ቀበሮ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፤ ሁሉ በቦታው። ደስ አለኝ። ለቀልድ ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁበት።

ማንበቡን ቀጠለ።

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። በኋላ ግን ለጎረቤት የመጣ የዕድር ማስታወቂያ ሰጥቼ አንብብ ስለው፣ "ከ... ከተ... ከተማ..." እያለ ፊቱ ቀላ። ሳቁ እዚያ ላይ አለቀ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያነበበ የመሰለን ልጅ ለካ ሲሸመድድ ነው የከረመው።

የኛ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶ ደግሞ ስለ ጽሑፉ ከተጠየቁት አንዱንም መመለስ አልቻሉም። ምዘናው የተካሄደው በየአካባቢው በሚማሩበት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነበር፣ ልብ በሉ።

እህቴ "አማርኛውን ቤት ውስጥ ይለምደዋል፣ እንግሊዝኛው ይቅደም" ትላለች። የብዙ እናትና አባት መልስ ነው፤ ግን ቤት ውስጥ የሚለመደው መናገር ነው። ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ ፊደል የለመደ ሰው አላየሁም።

እናላችሁ፣ ባልዲና ዛጎሉን ወደ ጎን አድርገን የራሳችንን ጨዋታ ጀመርን። መጀመሪያ ከሰፈር ግሮሰሪ ቆርኪ ለመንን። ፊደሉ ከነሰባት ቤቱ በማርከር ተጻፈበት። ለምን ቆርኪ? ስለሚበተን ነዋ! የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን የሽምደዳን በሽታ ከጥንት ያውቁታል። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደሉን ያወቀ ይመስላል፤ መሃል ላይ በስንደዶ ነክተው "ይቺ ማናት?" ሲሉት ግን ከላይ ጀምሮ ካልዘመረ አይመጣለትም። ሀሁው ሲያልቅ አቡጊዳ የሚከተለው ለዚህ ይመስለኛል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉም ይቀየራል፣ ቤቱም ይቀየራል፣ ዜማው አያድንም። ቆርኪው ያንኑ ነው የሚሠራው፤ ትበትናለህ፣ ቃል የሠራ ይወስዳል። ቃሉ የክረምት መሆን አለበት፦ ጉም፣ ጎርፍ፣ ካፊያ፣ ቦት ጫማ፣ በቆሎ። "በለስ" የሠራ ከመንገድ ዳር በለስ ይገዛለታል። (ይህን ሕግ ያወጣሁበትን ቀን እረግማለሁ፤ በሳምንት ስንት ጊዜ በለስ እንደገዛሁ አልነግራችሁም።)

ሁለተኛው ጨዋታ እኔ ራሴ የምወደው ነው። ወረቀት ላይ "ገና ገና ነው" ብዬ ጻፍኩና አንብብ አልኩት። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ አነበባቸውና "ተሳስተሃል፣ ሁለቴ ጽፈኸዋል" አለኝ። አንደኛውን አጥብቅ፣ ሁለተኛውን አላላ ስለው ዓይኑ በራ። በዓሉ ገና አልደረሰም ማለት ነው! ከዚያ "ሰፊው ሰፊ ቤት ተከራየ" መጣ፤ ልብስ ሰፊው እንግዲህ። ቀጥሎ "ልጁ ይመታል"። ሲላላ ልጁ ነው የሚመታው፤ ሲጠብቅ ምስኪኑ ተመቺ ሆኖ ያርፈዋል። እሱ ደግሞ በራሱ ጊዜ "አካፋ"ን አመጣ፤ አንድም የጭቃ መዛቂያ ነው፣ አንድም ሰማዩ የሚያደርገው።

ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። አንባቢው ነው ከዐረፍተ ነገሩ አይቶ የሚፈርደው። ስለዚህ አማርኛ የሚያነብ ልጅ ሳይረዳ በትክክል ማንበብ አይችልም፤ ቃሉን አይቶ ዙሪያውንም ማየት አለበት። ኦሮምኛ የሚማር ልጅ ይህ ችግር የለበትም፣ በቁቤ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል። ለእሱ ሌላ ጨዋታ ነው የሚያስፈልገው። ከባሕር ማዶ የተቀዳ ጥራዝ ግን ለአንዳቸውም ይህን አያውቅላቸውም፤ ከየት አባቱ ያውቃል?

ሰዋስውስ? ለሰዋስው "ግሡን አትንካ" የሚባል ጨዋታ አለን። ስሙን ያወጣው እሱ ነው። "ዝናብ ዘነበ" ብለን እንጀምራለን። ተራ በተራ አንድ ነገር ይጨመራል፣ ግሡ ግን መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ትናንት ዝናብ ዘነበ። ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ዘነበ። ትናንት ማታ እማዬ ልብስ ካሰጣች በኋላ ከባድ ዝናብ ዘነበ። ከ"ዘነበ" በኋላ ቃል ያስከተለ ተሸነፈ። አንድ ቀን ዐረፍተ ነገሩ ከመርዘሙ የተነሳ ማን ምን እንዳደረገ ጠፋንና ሁለታችንም ተሸነፍን። እንግሊዝኛው ጥራዝ ላይ ግሡ መሃል እንደሚገባ ያስተዋለውም ያኔ ነው፤ ማንም ሳይነግረው።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ጨዋታ ነው ብለው ፈተና የሚያቀርቡ ሰዎች አሉ፤ እኔም በሁለተኛው ሳምንት ውጤት መመዝገብ ጀምሬ ነበር። ልጅ ደግሞ ፈተናን ከሩቅ ያሸታል። በማግሥቱ ቆርኪውን አልጋ ሥር ደብቆ "ጠፋ" አለኝ። ደብተሬን ቀደድኩ፤ ቆርኪው ተገኘ። ደግሞም ፊደሉን ጭራሽ ላልለየ ልጅ ጨዋታ ብቻውን አይበቃም፤ ጎኑ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት የሚያስቆጥረው ሰው ይፈልጋል። እኛን የጠቀመን እናቴ ናት፤ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ትጠይቀዋለች። እሱ መልሱን ሲያጣ አገር ይሰጣታል፣ የሰጠውን አገር ግን በጽሑፍ ካላስረከበ አትቀበልም። ጎንደርን ሦስት ጊዜ አስጽፋ ነው የወሰደችው።

ለቡሄ ነሐሴ 13 ከሰፈር ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ሲወጡ የየቤቱን ባለቤት ስም የሚያስገቡበትን ግጥም እሱ ነበር ጸሐፊው። ምን ያህሉን ሌሎቹ እንደነገሩት አላጣራሁም። ሙልሙሉን ግን በልተናል።

ጳጉሜ ላይ የእንቁጣጣሽ ሥዕል መሣል ሲጀምር የመጨረሻውን ሕግ አወጣን። ከአበባው ሥር የሚጻፈው ሰላምታ እንደ ተቀባዩ ይለያያል፤ ለእኔ "አደረሰህ"፣ ለእናቱ "አደረሰሽ"፣ ለጎረቤታችን ለትልቁ አባባ "አደረሰዎ"፣ ለዕቁብተኞቹ "አደረሳችሁ"። የተሳሳተ ብር አያገኝም። አሥራ አንድ ሥዕል ጻፈ፣ አሥሩ ልክ። አንዱ የእናቴ ነበር፦ "እንኳን አደረሰህ"። መነጽሯን አድርጋ አየችውና፣ "ወንድ ሆንኩልህ እንዴ፣ የኔ ጌታ?" አለችው።

ሥዕሉን ነጥቋት ሮጠ። ጥቂት ቆይቶ መለሰላት፤ "ህ"ን በእስክርቢቶ ደምድሞ፣ ከጎኑ ትልቅ "ሽ" ጽፎ፣ ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳያዘው "ብሩን ስጪኝ" የሚል ጨምሮበት።